በሽማግሌ የተሰላ ገንዳ

ሐምሌ 5 ቀን 1979፣ እሑድ

የሠርጉ ማር አሸዋ ገባበት። ያስገባውም ሌላ ሰው አይደለም፣ ሙሽራው ራሱ ነው።

መምህር ዩሱፍ የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ አስተማሪ ነው። በጥቅምት እህቴን አስያን ያገባል። ቤት ሲመጣ «መምህር» ልበለው ወይስ «ዩሱፍ» ልበለው ግራ ስለሚገባኝ ሁለቱንም ትቼ «ስማ እንጂ» እያልኩ ነው የማዋራው። ዛሬ እንደ ደንቡ ሊጠይቀን መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ስለ ዝናቡም ስለ በቆሎውም አውርቶ ሲያበቃ «ማር አላችሁ?» አላት አስያን። የሚበላ መስሏት፣ ለሠርጉ ተብሎ ከጨፋ ሮቢት የመጣውን ማር በብርጭቆ ሞልታ አቀረበችለት። እሱ ከኪሱ አሸዋ አወጣ። እጮኛ ከኪሱ ከረሜላ ሲያወጣ አይቻለሁ፤ አሸዋ ሲያወጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

አንዲት ቅንጣት ጣል አደረገ። አያቴ የመስጊዱን ደረጃ ሲወርዱ እንደሚያደርጉት ቀስ፣ ቀስ እያለች ወረደች። ቀጥሎ ሁለት ቅንጣቶች አጠጋግቶ ጣለ። እንደዚያችው ይንፏቀቃሉ ብዬ ስጠብቅ ሁለቱ ከአንዷ ፈጥነው ወረዱ። ክው አልኩ። «ድገመው» አልኩት። ደገመው። አሁንም ፈጠኑ። ከዚያ ጭብጥ ሙሉ አሸዋ ጨመረና በማንኪያ አማስሎ ተወው። ሁለት ከፈጠነ ጭብጥ ሙሉው ይበራል ብዬ ነበር። የት አባቱ፤ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ዩሱፍ ሲያስረዳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ልውረድ ካለ ማሩ የግድ ወደ ላይ መውጣት አለበት፣ ሲወጣ ደግሞ የሚወርዱትን ይገፋቸዋል አለ። ጥቂቶች ተጠጋግተው ሲወርዱ ይረዳዳሉ፤ ዕቃውን ሞልተው ሲበተኑ እርስ በርስ ይከላከላሉ።

አስያ ብርጭቆውን አተኩራ ታያለች። ስለ ማሩ ታዝን፣ ስለ ሰውዬው ታስብ፣ አልገባኝም።

ሐምሌ 8፣ ረቡዕ

ለካ ጉዳዩ የማር አይደለም፣ የቦርከና ነው።

ከተማችን የቦርከናን ውሃ በቧንቧ ልትጠጣ ነው። ቦርከና በክረምት ምን እንደሚመስል የከሚሴ ሰው ያውቃል፤ ከጎኑ እንጀራ ቢቀርብለት ወጥ ይመስላል። ስለዚህ ረጅም ገንዳ እየተሠራ ነው። ድፍርሱ ውሃ በአንድ ጫፍ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ደለሉ ወለሉ ላይ ይቀራል፣ ጥሩው ውሃ በሌላው ጫፍ ወደ ቧንቧ ይወጣል። ደለሉ ወለል ሳይነካ መውጫው ከደረሰ ግን ከተማው ጭቃ ይጠጣል። ለደቃቅ ደለል ደግሞ ውሃ ማለት ማር ነው ይላል ዩሱፍ፤ እኛ የምንዋኝበትን እሱ ይድህበታል።

የግንባታው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ አብዶ ናቸው። ገንዳው መስከረም 2፣ ለአብዮት በዓል ተመርቆ እንዲከፈት ቃል ገብተዋል። በሄዱበት ሁሉ ጥቁር ቦርሳ ይይዛሉ። አንድ ቀን ተከፍቶ አይቼዋለሁ፤ ውስጡ ዳቦና ቃሪያ ነው።

ዩሱፍ የኮሚቴው የቴክኒክ ሰው ነው። እሱ ካልፈረመ ሲሚንቶ አይፈስም። ከላይ የመጣው ንድፍ ደግሞ እያንዳንዷ ቅንጣት ለብቻዋ ስትወርድ ነው ያሰበው። «ብቻዋን የምትወርድ ቅንጣት የት አለች?» እያለ ይብሰለሰላል። ሁሉንም አንድ ላይ፣ እርምጃ በእርምጃ ማስላት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ይህን የሚሠሩ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ማሽኖች አሉ አሉ። ከሚሴ ያለው ማሽን የአባቴ የልብስ ስፌት ብቻ ነው።

አባቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ አስያን «ፈርሞ ቢገላገል ምን አለበት?» አላት። ከስፌት መኪናው ቀና አላለም።

ሐምሌ 11፣ ቅዳሜ

ዩሱፍ ማሽን አገኘ። ማሽኑ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነው።

የምሬን ነው። ባለፈው ዓመት ማንበብና መደመር የተማሩት ሃያ አራት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሊያሰሉ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቅንጣት። የክፍሉ አለቃ አያቴ ሀጂ ሙሀመድኑር ናቸው፤ በዕድሜም በሐጅም ከሁሉ ስለሚበልጡ ማንም አልመረጣቸውም፣ ዝም ብለው ሆኑ። ቅቤ ነጋዴዋ እቴ ረቢአም አለችበት። ሙአዚኑ ጋሽ ኑርሁሴንም አሉ፤ ለከተማው ሁሉ አዛን ያሰማሉ፣ እሳቸው ግን አይሰሙም።

ሥራው እንዲህ ነው። ዩሱፍ የቀበሌው አዳራሽ ወለል ላይ፣ ገንዳው ከጎን ሲታይ እንደሚሆነው አድርጎ በኖራ ሣለ። በሩ በኩል መግቢያው፣ በመድረኩ በኩል መውጫው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለው፤ ያ ቅንጣቱ ነው። እኔ እንደ ደወል የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ስመታ ሁሉም ድንጋዩ ካለበት እስከ ጎረቤቶቹ ድረስ ቋጠሮ ባለው ገመድ ይለካል፤ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሠንጠረዥ፣ በዚያ ርቀት ላይ ያለ ጎረቤት ስንት እንደሚጨምር ስንት እንደሚቀንስ ያነባል፤ ይደምራል፣ ይቀንሳል፤ ድንጋዩን ያን ያህል ወደ ወለሉ፣ አንድ መስመር ደግሞ ወደ መውጫው ያስጠጋል። ከዚያ ሌላ ቸርኬ። ድምሩን የሚጽፉት ከመድረሳው ለምነን ባመጣናቸው ያረጁ የእንጨት ሉሆች ላይ በከሰል ነው። እኔ ሉሁን እያየሁ ድምሩን አርማለሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ሲያርሙኝ ለኖሩ ሰዎች «ተሳስተዋል» ማለት እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ።

ዩሱፍ ድንጋዮቹን ከአንድ እስከ ሃያ አራት ቁጥር ስጪያቸው ብሎኝ ነበር። ቁጥር ምኑ ያስቃል? የሰዎቹን ስም ጻፍኩባቸው። እሱም ሲያይ ሳቀ።

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ተጀመረ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

እቴ ረቢአ ስሟ ያለበትን ድንጋይ አንስታ አገላብጣ አየችና ቅንጣቷ ወፍራም ናት ወይ ብላ ጠየቀች። ዩሱፍ ሁሉም እኩል ናቸው አላት። «አልሀምዱሊላህ፣ ከሚሴ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ ቀጠንኩ» አለች። ጋሽ ኑርሁሴን ቸርኬው ስለማይሰማቸው ጎናቸው ያለው ሰው በክርኑ ይጎሽማቸዋል፤ አንዴ ሳይደወል ጎሽሟቸው ብቻቸውን አንድ እርምጃ ሄዱ። ወደ ኋላ ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆኑም። አያቴ መነጽራቸውን በክር ጆሯቸው ላይ አስረው ድንጋያቸው ላይ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ጥጃ አባበሉት።

ወጥቼ ስሄድ «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲደሰቱ በኦሮምኛ ነው የሚጠሩኝ። «እኔ ሰማንያ ዓመት ስወርድ ኖሬ መውረድ በሒሳብ መሆኑን ዛሬ አወቅሁ።»

ሐምሌ 17፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። ውሃ ልቀዳ ነው። የሽማግሌ ወገብ ክፉኛ አመመ፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ነው የሚውለው። የድምር ስሕተት ግን እየቀነሰ ነው፤ ዛሬ ሦስት ብቻ አገኘሁ። እንደ ሬዲዮ እግር ኳስ እየጮህኩ ማን የት እንደደረሰ አወራለሁ። ዩሱፍ ዝም በይ አለኝ። ለአምስት ደቂቃ ዝም አልኩ።

ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ

አለቀ። ሃያ አራቱም ወለሉን ነኩ። አንድም ወደ መውጫው አላመለጠም።

አያቴ አንደኛ ሆኑ። የወለሉን መስመር ሲነኩ አዳራሹ «ማሻአላህ» አለ። ዩሱፍ ብቻ ደርቆ ቀረ። ጉንጩን ይዞ ወለሉን ያያል። ገንዳው ያጥራል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ጭራሽ ይበቃል ሆነ፤ ተርፎም። ሉሆቹን አንድ በአንድ እንደገና ደመረ። እኔም ደመርኩ። ሁሉም ልክ ነው።

ጓድ አብዶ መጥተው ጨበጡት። ያልተማረው ሰፊ ሕዝብ ሳይንስን በእጁ አስገባ ብለው አጭር ንግግር አደረጉ፤ አጭሩ ከዙሁር ሶላት እስከ አስር ሶላት ወሰደ። ክፍሉ በበዓሉ ቀን የክብር ሰንደቅ ይሸለማል አሉ። እቴ ረቢአ በጆሮዬ «ሰንደቁ ይበላል?» አለችኝ።

ሐምሌ 26፣ እሑድ

ዩሱፍ ዓርብ ዕለት ፈረመ። ሲሚንቶው እየፈሰሰ ነው። አስያ በጣም ደስ ብሏታል፣ ድስት ስታጥብ ታንጎራጉራለች። አባቴ የሙሽራውን ኮት ጨርቅ ከኮምቦልቻ አስመጥቶ ለማንም ሳያሳይ ሣጥን ውስጥ ከተተው። እኔ አይቼዋለሁ፣ ግራጫ ነው።

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ። አረፋ

ሁሉም እስኪተኛ ጠብቄ ነው የምጽፈው።

ዛሬ አያቴ ቤት የታረደው በሬ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው እዚያ ነበር። እኔ ማስታጠቢያ ይዤ እጅ አስታጥባለሁ። ከአያቴ ጀመርኩ። ቀጥሎ ወደ ጋሽ ኑርሁሴን ዞርኩ። እሳቸው ቀጥሎ ያሉትን «ይቅደሙ» አሉ፣ እኚያም «በአላህ፣ እርስዎ» አሉ፣ መጨረሻ ላይ ጋሽ ኑርሁሴን ታጠቡ። ቀጥሎ ሦስተኛው፣ ቀጥሎ አራተኛው። ውሃ እያፈሰስኩ ስማቸውን በሆዴ እጠራለሁ። ድንገት ይህን ስም ዝርዝር በቅርቡ በአፌ ጮክ ብዬ ጠርቼዋለሁ አልኩ። ሀጂ፣ ጋሽ ኑርሁሴን፣ ከዚያ እኚህ፣ ከዚያ እኚያ...

ወለሉን የነኩት በዚህ ተራ ነው። አንድም ሰው ሳይዛነፍ፣ በዕድሜ።

ማስታጠቢያው ከእጄ ወደቀ። ከሴቶቹ በኩል እቴ ረቢአ ምን ነካሽ ብላ መጣች፤ ወደ ጓዳ ጎትቼ ጠየቅኋት። ድንጋይሽን ስንት አወረድሽው? ሉሁ ያለሽን ያህል? መጀመሪያ ዙሪያ ጥምጥም ሄደች። ሉሁ ላይ ትክክል ነው የጻፍኩት፣ አንቺው አርመሽልኝ የለ፣ አለች። ድንጋዩንስ አልኳት።

እንደ ሞኝ አየችኝ።

«ሀጂን አልፌ ልሂድ? ስማቸው ተጽፎበት ቁጭ ብሎ እያየሁት? ጭቃም ውስጥ ቢሆን ነውር አይደለም እንዴ?»

ሁሉም እንደዚያ አድርገዋል። ሒሳቡ አያቴን እለፉ ሲላቸው ድንጋያቸውን ትንሽ ከኋላቸው ያቆማሉ። ስለዚህ ሃያ ሦስት ቅንጣት አያቴን ከቦ፣ ተጠጋግቶ ወረደ። የተጠጋጋ ደግሞ ይፈጥናል፤ ማሩ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቦርከና ውስጥ ያለ ደለል ግን ማንንም አያከብርም። ተበታትኖ ነው የሚመጣው።

እኔ ያረምኩት ሉሁን ነው። ድንጋዩን የማየት ሥራ አልተሰጠኝም።

ሲሚንቶው ፈሷል። ዩሱፍ ፈርሟል።

ሐምሌ 30

ነገርኩት። ደብረ ሲና ላይ ጭጋግ የገባበት ሹፌር ይመስል ዓይኑን አፍጥጦ ቆመ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፣ «ለአስያ ነግረሻታል?» አልነገርኩም።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ

አያቴ ሰኞ ለገበያ ባቲ ሄደው እዚያው የዘመድ ቤት ሰነበቱ፤ እኛም በዚያ መሀል ደገምነው። ለሰዎቹ ክለሳ ነው ተባለ፤ የአያቴን ቦታ እኔ ያዝኩ። ድንጋዮቹ ላይ የነበረውን በውሃ አጠብኩት፤ ቁጥር ጻፍኩበት። የትኛው የማን እንደሆነ ማንም እንዳያውቅ በየቸርኬው ሉሁን እናቀያይራለን። ዩሱፍ ራሱ ገመድ ይዞ እያንዳንዱን ድንጋይ ለካ። ማንም አልሳቀም። እቴ ረቢአ እንኳ።

አሥራ አንዱ ወለል ሳይነኩ በመውጫው ወጡ። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

የመጨረሻውን ድንጋይ ከመስመሩ ውጭ አስቀምጬ ቀና አልኩ። ይሆናል ብዬ ባስብም እንደዚህ ይሆናል አላልኩም ነበር። ዩሱፍ ቀስ ብሎ ኖራውን ከእጁ አራገፈ።

ነሐሴ 7

ዩሱፍ ፊርማዬን አነሳለሁ ብሎ ኮሚቴው ዘንድ ሄደ። አስያ አትሂድ አላለችውም። ሸሚዙን ተኮሰችለት። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ የካውያው ከሰል ጭስ ነው።

ነሐሴ 8፣ ዓርብ

ያዙት።

ነሐሴ 10፣ እሑድ

የቀበሌው ማረፊያ ቤት ነው ያለው። የአብዮት ጥበቃዎቹ ምግብ ያስገባሉ፣ ሰው አያስገቡም።

ኮሚቴው ፊት የሆነውን ከአባቴ ደንበኞች ነው የሰማነው። ጓድ አብዶ «ሐምሌ ላይ ሳይንስ ገንዳው ይበቃል አለ፣ ነሐሴ ላይ ሳይንስ አይበቃም አለ፣ የትኛው ነው የአብዮቱ ሳይንስ?» ብለው ጠየቁት አሉ። ዩሱፍ የመጀመሪያው ስሌት ላይ ድንጋዮቹ ያለ ቦታቸው ነበሩ ብሏል። ማን አስቀመጣቸው ሲሉት ዝም አለ። ሃያ አራት ሽማግሌ አሳልፎ ከሚሰጥ ዝም ማለት መረጠ። ጓድ አብዶም ሲሚንቶ ካስፈሰሰ በኋላ አይሆንም የሚል ሰው ስሙ አሻጥረኛ ነው አሉ።

እኔ ጅል ነኝ። አርፌ ብቀመጥ ኖሮ መስከረም ላይ ጭቃ ጠጥተን፣ «አላህ ያመጣው ነው» ብለን እንቀጥል ነበር። ይህን እያልኩ ደግሞ ያን ጊዜም እሱኑ ነበር የሚይዙት እላለሁ። በዚህም በዚያም እሱ ነው።

ነሐሴ 14

የክፍሉን ሰዎች በየቤታቸው ዞርኩ። ድንጋዩን ያቆምነው እኛ ነን ብትሉ ይፈታል አልኳቸው። አንዱ ያገኘሁትን ነው የጻፍኩት አለኝ። አንዱ ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነበር አለ። ጋሽ ኑርሁሴን ለዚች ጉዳይ ሲሉ የባሰ ደነቆሩ። እቴ ረቢአ ብቻ እውነቱን ነገረችኝ። የሚፈሩት ጓድ አብዶን ብቻ አይደለም። እንዲህ አድርገናል ካሉ «ለሀጂ ብለን ነው» ማለት ሊመጣ ነው። ሰውዬው በእርጅናቸው፣ አንድ ልጅ በእሳቸው ምክንያት ታሰረ ሲባል ይስሙ? ማን አፍ አለው?

አያቴ ከባቲ ተመልሰዋል። «ዩሱፍ ምን አጠፋ አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

ነሐሴ 20

አባቴ ማታ አስያን አስቀምጦ ያወራት ነበር፣ እኔ የተኛሁ መስያለሁ። ኒካው ገና አልታሰረም፤ ቤተሰቡን ይቅርታ ጠይቀን እንተወው አላት። በአሻጥር የተከሰሰ ሰው አማች ካደረግሁ ነገ ማን ልብስ ሊያሰፋ ይመጣል አላት። እሷ ተነሥታ የሻይ ብርጭቆውን አነሣችለት። እንደዚህ ስታደርግ ቁርጥ አያታችንን ናት።

አልጠላሁትም አባቴን። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነሐሴ 27፣ ረቡዕ

ደሴ ሊወስዱት ነው የሚል ወሬ አለ። ከበዓሉ በፊት። ደሴ የተወሰደ ሰው እንዴት እንደሚወራለት አውቃለሁ፤ መጀመሪያ «አለ» ይባላል፣ ከዚያ «አለ አሉ» ይባላል።

ዛሬ ለአያቴ ልነግራቸው ሄድኩ። በር ላይ ቁጭ ብለው ተስቢህ ይቆጥራሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ፣ ስለ በቆሎ አወራሁ፣ ተነሣሁ። ስነሣ «አብሽሪ» አሉኝ። ምንም ሳልላቸው ለምን አይዞሽ እንዳሉኝ እንጃ።

ጳጉሜ 2፣ ሰኞ

ይህን በቶሎ ካልጻፍኩት ነገ ራሴም አላምነውም።

ዛሬ አጠቃላይ ስብሰባ ተጠራ፤ ቤት የቀረ የለም። ዩሱፍን አምጥተው መድረኩ ሥር አስቀመጡት። ጺሙ አድጓል፣ ያ አስያ የተኮሰችው ሸሚዝ እላዩ ላይ ነው። ጓድ አብዶ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር ተናገሩ። ጉዳዩ ለበላይ አካል ይተላለፋል አሉ፤ ደሴ ማለታቸው ነው። ከዚያ ለደንቡ ያህል፣ ከመሠረተ ትምህርት ክፍሉ መካከል የዚህን ሰው ቃል የሚደግፍ፣ ድንጋይ ያለ ቦታው ያስቀመጠ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። መልስ አልጠበቁም፤ ወረቀታቸውን እያጠፉ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲነሣ ያየሁት ሊያጨበጭብ ብቻ ነው።

አያቴ ተነሡ። ለመነሣት ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ እስኪነሡ ድረስ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አሉ። «ከፊት የነበረው ድንጋይ የእኔ ነው። ሰዎቹ ከኋላዬ ቆመው ሲጠብቁኝ አየሁ። ሽማግሌ ሆኜ መንገድ የዘጋሁባቸው መሰለኝ፣ አፈርሁ። ስለዚህ ሒሳቡ አንድ ጣት ሲለኝ ሁለት ጣት አወርደው ነበር። ያቻኮልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ምንም አያውቅም።»

የምቆምበት ጠፋኝ። እነሱ ለእሳቸው ሲያቆሙ፣ እሳቸው ለእነሱ ሲያቻኩሉ! ያ ሁሉ ድንጋይ ወለሉን የነካው በይሉኝታ ነው። ጠቅላላ ስሌቱ ውስጥ ሒሳብ የነበረው ግድግዳው ላይ ብቻ ነበር።

አያቴ ከመቀመጣቸው በፊት አዳራሹን ዞር ብለው አዩ። እኔ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ለምን እንደቆዩ አላውቅም። ስለ ድንጋዮቹ ከዚያ ሌላ አንድም ቃል አልጨመሩም።

ከዚያ እቴ ረቢአ ተነሣች። እሷም ሒሳቡ እለፊ ሲላት ድንጋይዋን እንደመለሰችው ተናገረች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ፣ ከጎኑ ሌላ። ጋሽ ኑርሁሴን ሁሉም ሲነሣ አይተው ተነሡ። የክፍሉ ሰው በሙሉ ቆመ። ጓድ አብዶ ላብ አጠመቃቸው። «ታዲያ ሁላችሁንም ልሰር?» አሉ።

ጋሽ ኑርሁሴን ጎረቤታቸውን ምን አሉ ብለው ጠየቁ። ሁላችንንም ሊያስሩን ነው ሲባሉ፣ አዛን በሚያሰሙበት ድምፅ «ይሁን፣ ግን ለመግሪብ ይፍቱኝ፣ ሌላ ሙአዚን የለም» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ አፍኖ፣ አፍኖ፣ ከዚያ ፈነዳ። ጥበቃዎቹም ሳቁ። ዩሱፍ ግን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር። አስያ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፤ ክንዴን ይዛ ነበር፣ አሁን አየሁት፣ ጥፍሯ ደም አውጥቷል።

ጳጉሜ 5፣ ሐሙስ

ተፈታ። ጓድ አብዶ አሰቡበት መሰለኝ። ሃያ አራት አዛውንት በአሻጥር ይከሰሱ ቢባል፣ በአውራጃው አርአያ ተብሎ ሰንደቅ የተቆረጠለት ክፍል እሱ ነው፤ ቃል የገቡት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ገንዳው «በቴክኒክ ማሻሻያ ምክንያት» ምርቃቱ ተላለፈ ተባለ፣ ርዝመቱም ሊጨመር ነው። ዩሱፍ ለአንድ ዓመት አያስተምርም። ለማሻሻያው እንደ ቀን ሠራተኛ ይቆፍራል።

አንድ ዓመት! ሳይንስ ማን ሊያስተምረን ነው? ደሴ አልሄደም ግን። ደሴ አልሄደም።

መስከረም 2

በዓሉ ተከበረ። ሰንደቁን አያቴ ተቀበሉ። ብዙም አላዩትም፤ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት።

መስከረም 9፣ እሑድ

ዛሬ አስያ የዩሱፍን ምሳ ይዛ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አለፈች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። በጓሮ እንሂድ ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም።

ዩሱፍ ከገንዳው መጨረሻ ጀምሮ የሚጨመረውን ርዝመት ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ይቆፍራል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሲያየን አካፋውን ተደግፎ ቆመ። መዳፉ ተልጧል። ምሳውን ከመቀበሉ በፊት አባቷ ምን እንዳለ ጠየቃት። እሷ ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም አላለም አለችው። እውነቷን ነው። አባቴ ከስብሰባው ወዲህ ቃል አልወጣውም፤ ይሰፋል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እሺም እምቢም አላለም። ዩሱፍ ራሱን ነቀነቀና፣ እሱ እምቢ ካለ አታስቀይሚው አላት። ይህን ሲል ወደ ጭቃው ነበር የሚያየው።

ያኔ ከጀርባችን ኮቴ ሰማሁ። ዞርኩ፤ ደነገጥኩ። አባቴ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ያ ሁሉ መንገደኛ እያየው፣ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ቦዩ እየወረደ ነው። እግሩ እየተንሸራተተ ዩሱፍ ጋ ደረሰ። ሰላም አላለውም። አንገቱ ላይ የነበረውን ሜትር አወጣ፣ ትከሻውን ለካ፣ ደረቱን ለካ፣ ክንዱን ዘርጋ ብሎ በእጁ አሳየውና ክንዱን ለካ። ሠራተኞቹ ቁፋሮ አቆሙ። ዩሱፍ በድን ሆኖ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። አስያ ሳህኑን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች።

አባቴ የደረቱን ልክ ሁለት ጊዜ ለካ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ከስተሃል» አለው። «እስከ ጥቅምት ስለምትሞላ ኮቱን ሰፋ አድርጌ እቆርጠዋለሁ።»